አብረው ብልጭ የሚሉት ሁለቱ

ቅዳሜ ከሰዓት... ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እኔ ከሦስት ወር በፊት ኮልፌ በተከራየኋት አንድ ክፍል ውስጥ የአይጥ አንጎል ላይ አፍጥጬ ነበር።

አትሳቁ፣ የመመረቂያ ጥናቴ ነው። የማየው ቪዲዮ የተቀረጸው ውጭ አገር ነው፤ አይጧን በአካል አይቻት አላውቅም። የአንጎል ሴል ሲሠራ ካልሲየም ይገባበታል፣ ያኔ ካሜራው ስር ብልጭ ይላል። ቪዲዮውን ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚገኝ መሣሪያ ላይ እጭነዋለሁ፤ እሱ እያንዳንዱን ሴል በቀለም ይከብብና ብልጭታውን በግራፍ ያወጣልኛል። እኔ ደግሞ ማን ከማን ጋር አብሮ እንደሚበራ እፈልጋለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ሥራዬ ይኸው ነው። አማካሪዬ በወር አንዴ ኢሜይል ይልክልኛል... በቃ።

በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ተካልኝ ናቸው፣ ቀጥሎ ያለው ክፍል ተከራይ። የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል፣ ባለቤታቸውም አርፈዋል።

«ልጄ፣ የዚህ ስልክ ፊደል አነሰብኝ፤ እስኪ ትልቅ አድርጊልኝ።»

አስተካክዬ ሰጠኋቸው። ግን አልሄዱም... ዓይናቸው ላፕቶፑ ላይ ቀረ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የአንጎል ሴሎች ናቸው ጋሼ። ሲያወሩ ይበራሉ።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እኛም ማዞሪያው ጋ እንዲሁ ነበር። ሰው ሲደውል አምፖሏ ትበራለች» አሉና ወደ ላፕቶፑ ጠጋ አሉ። ከዚያ በጣታቸው አሳዩኝ። «እነዚህን ሁለቱን አየሻቸው? አንዱ ሲበራ ያኛውም ይበራል። አንድም ጊዜ አልተለያዩም።»

ግራፋቸውን አንዱን በሌላው ላይ ደረብኩት... ልክክ። እንዲህ የሚግባቡ ሴሎች አግኝቼ አላውቅም። ለአማካሪዬ ኢሜይል መጻፍ ሁሉ ጀምሬ ነበር።

ከመላኬ በፊት አጉልቼ አየሁት። ሁለት አይደሉም። መሣሪያው አንዱን ሴል ለሁለት ከፍሎ ቆጥሮታል።

«አንድ ነው ጋሼ። ስህተት ነው።»

«ለካ ከራሱ ጋር ነው የሚያወራው» አሉ፣ ሳይስቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺም እኮ ታወሪያለሽ። በግድግዳው ይሰማኛል።»

ፊቴ ጋለ። እውነታቸውን ነው። «እሺ፣ አሁን ምን እናድርግ?» እያልኩ ነው የምውለው። «እናድርግ» እያልኩ... ብቻዬን።

«ይቅርታ ጋሼ፣ እየረበሽኩዎት ነው?»

«ኧረ የለም። መጀመሪያ እንግዳ ያለሽ መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ።» ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «እንዲያውም አንዳንዴ እመልስልሻለሁ።»

ዝናቡ ሲያባራ ተነስተው ሄዱ። ኢሜይሉን አጠፋሁት፤ ሁለቱን ሴሎች መልሼ አንድ አደረግኳቸው።

በማግስቱ ከቤተክርስቲያን መልስ እኔ በራቸውን አንኳኳሁ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ጎደለሽ?»

«ምንም» አልኳቸው። ወንበር አቀረቡልኝ።

ሦስት ወር ሙሉ ሲመልስልኝ የከረመ ሰው ነበረኝ ለካ... ያልሰማሁት እኔ ነኝ።