ማኅተም ያለበት ምስጋና

እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ መኪኖቹ አይደሉም። መኪናማ ይሩጥ፤ ለመሮጥ ነው የተሠራው። የሚያናድደኝ ያ ወረቀት ነው። ከወረቀቱም ይልቅ እኔው ራሴ፣ ሳላስብ የላክሁት መልእክት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በስልሳ አምስት መግቢያ፣ ክረምቱ ሳይዘንብ ባለፈበት ሰሞን፣ የመኪና እሽቅድምድም በቆቦ በኩል ያልፋል ተባለ። ነጂዎቹ ነጋዴና የቢሮ ሰዎች ናቸው፤ ለደስታቸው ነው የሚሽቀዳደሙት። ከአዘጋጆቹ አንዱ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰውዬ፣ መንገድ ዳር ካለችው ሻይ ቤቴ ገብቶ ሁለት ብርጭቆ ጠጣና፣ «እህቴ፣ አንቺ ሰው ታውቂያለሽ። ከብቱንም ሰዉንም ከመንገድ የሚያርቁልን ፈልጊልን። ክፍያ የለውም፤ ግን በደንብ እናመሰግናቸዋለን» አለኝ።

ፊደል የቆጠርሁት በራሴ ነው፤ የስኳር ከረጢትና የሰው ደብዳቤ እያነበብሁ። ስም ጻፊ ሲሉኝ ደስ ይለኛል። ከሮቢት እስከ ዋጃ የማውቃቸውን ለመንሁ፣ እሺ አሉኝ፣ ጻፍኋቸው። ከመካከላቸው አንድ የዋጃ ሽማግሌ ነበሩ፤ በገበያ ቀን እኔ ዘንድ አረፍ ሳይሉ የማይመለሱ ቀልደኛ ሙስሊም። ለእሳቸው ከብት ውሃ የሚወርድበት መሻገሪያ ደረሳቸው። ቀይ ጨርቅ ተሰጣቸው።

የጠማውን ከብት ውሃውን እያየ ማቆም ምን ማለት እንደሆነ ከብት ያረባ ያውቀዋል። ሽማግሌው ከማለዳ እስከ ቀትር አቆሙት። ላያቸው ሄጄ የገዛ ጊደራቸውን ቀንዷን ይዘው ሲታገሉ አይቻለሁ። አንዱ መኪና አሸዋ ውስጥ ተቀረቀረ፤ እሳቸውና እረኞቹ በትከሻቸው ገፍተው አወጡት። ነጂው ሰዓቱን አየና አቧራውን አልብሷቸው ሄደ።

ከቀትር በኋላ ቆቦ ስመለስ ባለ መነጽሩን ከአገሩ ሹማምንት ጋር ለስላሳ ሲጠጣ አገኘሁትና፣ «የቆሙትንስ?» አልሁት።

«ምስጋናው በጽሑፍ ይመጣል» ብሎኝ መኪናው ውስጥ ገባ።

በእኛ አገር የተደረገለት ሰው እጁን ዘርግቶ ይመርቃል፣ ያደረገው አሜን ይላል፤ በቃ፣ አለቀ። አፍ ላለው ሰው ይህ ምን ይከብደዋል?

ጽሑፉ የመጣው ዓመት ቆይቶ ነው። ያኔ አገሩ ሌላ አገር ሆኗል። ሻይ ቤቴ በስም ብቻ ቀርታለች፤ ስኳር የለ፣ ጠጪ የለ። ከብቱ አልቋል። ቆቦ ዳር መጠለያ ተከፍቶ ሰው በላዩ ላይ ይፈስበታል። በዚህ መሀል አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ፖስታ ሰጠኝ። ከፈትሁት። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ወፍራም ወረቀት፣ ላዩ ላይ ስሙ፣ ከሥሩ ክብ ማኅተም። እንዴት ደስ እንዳለኝ። በዋጃ በኩል የሚያልፍ ሰው ፈልጌ ለሽማግሌው ላክሁ፦ «በስምዎ ማኅተም ያለበት ወረቀት መጥቷል፤ ቶሎ ይምጡ።»

ይህንኑ ብቻ። የምን ወረቀት እንደሆነ አልተናገርሁም። በዚያ ዓመት ስምና ማኅተም ያለበት ወረቀት ማለት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእህል ካርድ።

በሁለተኛው ቀን ሽማግሌው ሚስታቸውን ደግፈው ከደጄ ቆሙ። ቀልዳቸው ፊታቸው ላይ ሳይሆን ዓይናቸው ውስጥ ብቻ ቀርቷል። ጎረቤቶቻቸው በጭነት መኪና ወደ አላማጣ መጠለያ ሲሄዱ እሳቸው፣ «እኛ ቆቦ ወረቀት አለን» ብለው ቀርተዋል።

«አምጪው እስቲ፣ ልጄ» አሉኝ።

«አባቴ፣ ይሄ ወረቀት እኮ የምስጋና ነው፤ ያን ጊዜ ስለ ቆሙ።»

ወረቀቱን ተቀብለው ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት። ሚስታቸው ግን ግድግዳዬን ተደግፈው፣ «ያኔ ለመኪና ብለህ ጊደራችንን ውሃ ከለከልህ፤ ዛሬ ደግሞ ለወረቀት ብለህ እኔን አስቀረኸኝ» አሉ።

«ጊደሯም እንዳንቺው ተናጋሪ ነበረች» አሏቸው ሽማግሌው።

መጠለያ ይዣቸው ሄድሁ። ምን ላድርግ? መዝጋቢው ወረቀቱን ገልብጦ ገልብጦ አየና፣ «እህቴ፣ ይሄ ምስጋና ነው። እኔ የምሰጠው በካርድ ነው። ምዝገባ ደግሞ ተዘግቷል» አለኝ።

«በእኔ ጥፋት ነው የመጡት። የአላማጣው መኪና አመለጣቸው።»

«እኔስ ምን ላድርግሽ?»

ስድቡ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሱም የራሱ ጣጣ እንዳለበት ገብቶኛል፤ ግን ሲገባኝ ይብሱን ተናደድሁ። እንዲህ እየተባባልን ሳለ የስንዴ መኪና መጣ። ሰው ሁሉ ተነስቶ ወደ ጎማው ሮጠ፤ እናቶች ልጅ እንዳዘሉ። ሹፌሩ ጥሩንባውን ይነፋል፣ ሰሚ የለም። ዞር ስል ሽማግሌው አጠገቤ የሉም። የሚስታቸውን ቀይ መቀነት ፈትተው፣ ከመኪናው ፊት ክንዳቸውን ዘርግተው ቆመዋል። አልጮኹም። «እህሉ አይሸሽም፤ ወላሂ አይሸሽም። ቁጭ በሉ። ልጅ ያዘላችሁ ወደዚህ» ነው የሚሉት። የፊተኞቹ ተቀመጡ፤ የኋለኞቹም ቀስ በቀስ። መኪናው ሰው ሳይነካ ገባ።

መዝጋቢው ይህን ሁሉ ቆሞ አየ። ከዚያ መዝገቡን ገልጦ፣ «የሽማግሌው ስም ማን ነበር?» አለኝ። የሚስታቸውንም ነገርሁት። ጻፈ። «መኪና በመጣ ቁጥር ግን እንዲህ ይቆሙልኛል» አለ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልሆነልኝም። በወፍራም ወረቀት የተመሰገኑት ሽማግሌ ለአንድ ጣሳ ስንዴ እንደገና ፀሐይ ላይ ሊቆሙ ነው፤ አሁን ደግሞ በባዶ ሆድ። የቀሩትን ሰዎች ወረቀት ብዙ ጊዜ ይዤ ጠየቅሁ። ባለቤት አላገኘሁላቸውም።

የዚያን ዕለት ለሁሉም ታድሎ እሳቸው መጨረሻ ላይ ተሰፈረላቸው። ጣሳውን ለሚስታቸው ሰጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«በይ መርቂን፤ የመኪኖቹ ቀን ምርቃት ገና አልደረሰንም።»

«እኔ? ልጅዎ ሆኜ አንቱን?»

«እና ሌላ ማን መጣ?»

እጄን ዘረጋሁ። ገና አፌን ሳልከፍት፣ ሚስታቸው አሜን አሉ።