ማስጠንቀቂያ የሌለበት ሰው

ሰውዬው በቧንቧ ፋብሪካው መዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠራ አንድም ቀን ፋይል ጠፋበት ተብሎ አያውቅም። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበሩ፤ ለቀረው ሠራተኛ ጋሽ ፋይል ነው። ከዋናው ቢሮ ሥር ባለው ምድር ቤት፣ መስኮቱ ከአላፊ አግዳሚው ጫማ በቀር ምንም በማያሳይ ክፍል ውስጥ፣ የአንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰው ኑሮ ታቅፎ ኖረ። ማን መቼ እንዳገባ፣ ማን ከማን ጋር እንደተደባደበ፣ ማን ለቀብር ፈቃድ ሲል እናቱን ሦስት ጊዜ እንደገደለ ያውቃል። ያወቀውን ግን ለሚስቱም አይተነፍስም።

ከዕለታት አንድ ቀን ፋብሪካው ወረቀት በቃኝ አለ። ከውጭ የመጡ ኮንትራክተሮች ሦስት ወር ሙሉ እያንዳንዱን ወረቀት እየገለበጡ ወደ ኮምፒዩተር አስገቡት። ሲጨርሱ ሁሉም ነገር ተመዝግቦ ነበር፤ ችግሩ ስያሜው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ወረቀት «ሰነድ አንድ» ተባለ፣ ሁለተኛው «ሰነድ ሁለት»፣ እንዲህ እያለ እስከ አርባ ሺህ ዘለቀ። በሳምንቱ ለጋሽ ፋይል ደብዳቤ ደረሰው፤ የሥራ መደብዎ ተሰርዟል ይላል።

ደብዳቤው ግን ልብ የሚሰብር አልነበረም፤ ሁለተኛው አንቀጽ ያባብላል። ተባረርክ አይልም። «የውስጥ ምደባ ፕሮግራም» ውስጥ ገብተሃል ይላል። መደባቸው የተሰረዘባቸው አርባ ሰባት ሠራተኞች ለስድሳ ቀን በፋብሪካው ውስጥ በሚገኝ ክፍት ቦታ ሁሉ ቅድሚያ ይወዳደራሉ። ነጥብ ያገኘ ይመደባል። እስከ ስድሳኛው ቀን ያልተመደበ ደግሞ የምስጋና ወረቀት ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ጋሽ ፋይል ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ለጡረታ ሦስት ዓመት ይቀረዋል። በዚህ ዕድሜ ከግቢው ወጥቶ ሥራ መፈለግ ገበያ ከተፈታ በኋላ ቅርጫት ይዞ እንደመድረስ ነው። ይህን እሱም ያውቃል፣ ሚስቱም ታውቃለች።

ሚስቱ ቤት ውስጥ የተማሪ ደንብ ልብስ ትሰፋለች። ደብዳቤውን ስታነብ እግሯን ከመኪናው ፔዳል ላይ አነሣች።

«ስድሳ ቀን ተሰጥቶሃል» አለችው። «ከዚያ በኋላ እኔ ዘንድ ቁልፍ የሚተክል ሰው እፈልጋለሁ።»

«እሱም በውድድር ነው?»

«የለም፣ በዝምድና።»

የፕሮግራሙ ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ድሮ ሻይ ይፈላበት የነበረው ክፍል መስታወት ተደርጎለት። ባለሙያዋ ፋብሪካውን ከተቀላቀለች ሁለት ዓመት ያልሞላት ወጣት ናት፤ ፈገግታዋ ከመታወቂያዋ ጋር አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። ነጥቡን አስረዳችው። ቃለ መጠይቅ አርባ፣ ትምህርት ሃያ፣ ጤና አሥር፣ በሰነድ የተረጋገጠ የሥራ ልምድ ሠላሳ።

«ልምዱን እኛው ከፋይልዎ አይተን እንሞላዋለን» አለችው።

«ፋይሌ ታዲያ የት ነው፣ ልጄ?»

«ሲስተም ላይ ነዋ።»

ፈለገች። ሲስተሙ አርባ ሺህ ሰነድ ደረደረላት። አንዱን ስትከፍት ለመጸዳጃ ቤት በር መቀርቀሪያ እንዲገዛ የተጠየቀበት ደብዳቤ ሆነ። ሁለተኛውን ስትከፍት የዚያው መቀርቀሪያ ደረሰኝ ሆነ፤ ገጹ ተገልብጦ። ፊቷን ከኮምፒዩተሩ መለሰችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ ወረቀቱ አሁንም ታች አለ አይደል?»

መዝገብ ቤት አያስፈልግም ተብሎ መደቡ የተሰረዘበት ሰው እንዲህ አድርጎ ከዘበኛ ቁልፍ በፊርማ ተቀብሎ ወደ መዝገብ ቤቱ ተመለሰ። የአርባ ስድስቱን ባልደረቦቹን ፋይል ሊያወጣ። «ለሁለት ቀን ብቻ» ነበር የተባለው፤ አምስት ሳምንት ሆነ።

አርባ ስድስት ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። አርባ ሰባተኛው እሱ ነው፣ የራሱን ፋይል ግን አያወጣም። ሥራውን ያስተማረው ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን የነገረው ሕግ ነው። «መዝገብ ቤተኛ የራሱን ፋይል አይነካም፤ ዳኛ የራሱን ክስ ያያል እንዴ?» ስለዚህ መዝገብ ቤቱ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ነበረው፤ የአንዱን ወረቀት ሌላው ያስገባል። ሽማግሌው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ጡረታ ወጣ። ጋሽ ፋይል ምትክ እንዲቀጠር ስድስት ደብዳቤ ጻፈ፤ ለስድስቱም መልስ አልመጣም። ከዚያ ወዲህ በስሙ የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ፣ ሁለት የምስጋና ደብዳቤ፣ የሥልጠና ምስክር ወረቀቶች፣ ኃላፊውን ተክቶ የሠራበትን ውክልና፣ ሁለተኛው ሰው ሲቀጠር ቦታ ያስይዝልኛል ብሎ «ልዩ ልዩ» የሚል ክላሰር ውስጥ አኖረው። መዝገብ ቤቱ ሲዘጋ ወደ ወረቀት ፋብሪካ ለመፈጨት መጀመሪያ የተጫነው «ልዩ ልዩ» ነው። ጭነቱን ቆጥሮ ያስረከበውም ራሱ ጋሽ ፋይል ነበር።

እናም አንድ ጠዋት ባለሙያዋን ወደ ታች ጠራት። እሱ በሩ ላይ ቆመ።

«ሦስተኛው መደርደሪያ። ከታች ሁለተኛው። ወደ ግራሽ፣ ትንሽ ደግሞ ወደ ግራሽ። እሱ ነው።»

«እዚህ ድረስ አምጥተውኝ ራስዎ ቢያወጡት ምን ነበር?» አለች፤ እጅጌዋን አቧራ ነክቶት።

ከፈተችው። አራት ወረቀት አለ። ማመልከቻ፣ የቅጥር ደብዳቤ፣ የጤና ምርመራ፣ ለጋብቻ የተጠየቀ የአምስት ቀን ፈቃድ። ማመልከቻው ላይ የተለጠፈው ልጅ ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ የወንድሙን ከረባት አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ ካሜራውን ያያል። ከረባቱ በዚያው ቀን ከሰዓት ለባለቤቱ ተመልሷል። ጋሽ ፋይል አንገቱን ከበሩ ወደ ውስጥ አስግጎ ልጁን አየው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ አብረው ሲኖሩ አልተገናኙም ነበር።

«ሌላስ?» አለች።

«ሌላ የለም።»

«ጋሼ፣ በዚህ ፋይል መሠረት እርስዎ እዚህ ፋብሪካ ተቀጥረው፣ አግብተው፣ ከዚያ ጠፍተዋል።»

ለልምድ ከተያዘው ሠላሳ ነጥብ አራት ሰጠችው። አራቱንም የሰጠችው አዝናለት ነው።

በዚያው ሳምንት ከአርባ ሰባቱ አንዱ፣ ፍሬን የለሽ የሚሉት፣ ተመደበ። ፍሬን የለሽ የሰርቪስ ሾፌር ነበር፤ ፋይሉን ለመሸከም ሁለት እጅ ያስፈልጋል። አራት ግጭት፣ ሰባት ማስጠንቀቂያ፣ በአንዱ ዘበኛ ላይ የሰነዘረው ቡጢ፣ ለቡጢው የጻፈው የይቅርታ ደብዳቤ፣ ይቅርታው ስድብ አለበት ተብሎ የተጻፈበት ሌላ ማስጠንቀቂያ። የምደባ ኮሚቴው ለልምዱ ሃያ ስምንት ነጥብ ሰጥቶ የሥራ ደኅንነት ክፍል ረዳት አደረገው።

«ምን ይገርምሃል?» አለው ለጋሽ ፋይል፣ አዲሱን የደኅንነት ቆብ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ። «በአደጋ ጉዳይ እንደ እኔ በሰነድ የተረጋገጠ ሰው ይህ ግቢ አለው?»

«የለውም።»

«አንተ ምን አጥፍተህ ታውቃለህ? ምንም። ያላጠፋ ሰው መኖሩን በምን ይወቁለት? ወንድሜ፣ አንድ መስታወት እንኳ ስበር።»

ጋሽ ፋይል መስታወት ከመስበሩ በፊት የጨዋውን መንገድ ሞከረ። አሁን ፋይል እያወጣ ስላለበት አምስት ሳምንት አንዲት የምስክር ወረቀት እንድትጽፍለት ባለሙያዋን ለመናት። መመሪያውን ገልጣ አሳየችው፤ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለ ሠራተኛ ምንም ሥራ ሊሰጠው አይችልም ይላል።

«ስለዚህ እየሠሩ አይደለም» አለችው በሐዘኔታ። «ይልቅ የመጋዘኑን ሰውዬ ፋይል ዛሬ ያደርሱልኛል?»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ መርፌ ላይ ክር እያስገባች ፍርዷን ሰጠች።

«ሂድና አንዱን ስደብ።»

«ማንን?»

«የቀረበህን። ማስጠንቀቂያ ያጽፍህ እንጂ ማንም ይሁን።»

«እኔ ስድብ አላውቅበትም።»

«ሃያ አምስት ዓመት አብረን ኖረን፣ ከእኔ ምን ተማርክ ታዲያ?»

ሰኞ ሁለት ሰዓት ሙሉ አርፍዶ ገባ። የበር ዘበኛው ስሙን አልመዘገበም፤ «አንተማ መደብ የለህም፣ መጣህ ቀረህ ማን ይጠይቅሃል» ብሎ ሻይ ጋበዘው። ማክሰኞ ከረፋዱ ላይ ሳያስፈቅድ ወጣ፤ ባለሙያዋ የታመመ መስሏት ቤቱ ደውላ እንዲያርፍ ነገረችው። ረቡዕ ደብዳቤ አመላላሹን «አንተ ሰነፍ» አለው፤ ኮሪደሩን ሳይጨርስ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀው። አመላላሹ መሰደቡን የሰማው በይቅርታው ነው።

በሃምሳ ሦስተኛው ቀን አንድ ክፍት ቦታ ብቻ ቀረ፤ የቧንቧ መጋዘን ረዳት። ሦስት ሰው ይወዳደራል። በዚያው ቀን ጠዋት የምድር ቤቱ ስልክ ጮኸ። የሰው ኃይል ኃላፊው ነው፤ የሕግ ሰዎች መጥተው ቢሮው ተቀምጠዋል፣ የአንድ ድሮ የተባረረ ብየዳ ሠራተኛ ፋይል በአሥር ደቂቃ ውስጥ እንዲደርሰው ይፈልጋል።

ጋሽ ፋይል «አላወጣም» አለ።

ስልኩ ተዘጋ። ቀጥሎ የደረጃ ኮቴ ተሰማ። ኃላፊው በዘጠኝ ዓመት ውስጥ መዝገብ ቤቱን ሲረግጥ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ በሩን ለማግኘትም ትንሽ ተንገላቷል።

«ምን አሉኝ እርስዎ?»

«አላወጣም ነው ያልኩት፣ አለቃ።»

«ምክንያት?»

«በቃል አልታዘዝም። በጽሑፍ ይሁንልኝ።»

«ጋሽ ፋይል፣ አሞዎታል?»

«የለም፣ ደኅና ነኝ።»

«በጽሑፍ ነው የሚፈልጉት? በጽሑፍ ያገኛሉ» ብሎ ወጣ።

የብየዳ ሠራተኛው ፋይል በዚያ ሁሉ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ፣ ጋዜጣ ሥር ነበር። እጁ አፉ እምቢ ከማለቱ በፊት አውጥቶት ኖሯል፤ ልማድ ነው። የኃላፊው ኮቴ ደረጃውን ሳይጨርስ ለባለሙያዋ በጓሮ በር ላከላት።

ስድስት ደብዳቤ ጽፎ በአሥራ አንድ ዓመት መልስ ያላገኘ ሰው በአርባ ደቂቃ ውስጥ መልስ አገኘ። ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው። እንዲህ ይላል፦ «በድርጅቱ መዝገብ ቤት ለሃያ ስድስት ዓመታት በኃላፊነት የሠሩና የማናቸውም ሠራተኛ ፋይል የት እንደሚገኝ ከማንም በላይ የሚያውቁ ሆነው ሳለ፣ የታዘዙትን ፋይል በወቅቱ ባለማቅረብዎ ይህ የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል።»

ሚስቱ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «አየህ፣ ሰውዬው ሳይፈልግ አመሰገነህ» አለች። እሱ ግን ያን ቀን ምሳ አልወረደለትም። እናቱ በሕይወት ሳለች ለጎረቤት ስትናገር «የእኔ ልጅ ደጃፌ ላይ ከሳሽ አምጥቶ አያውቅም» ትል ነበር። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ እንደገና አወጣው፤ ደግሞ አጠፈው።

ወደ ፋይሉ ያስገባችው ባለሙያዋ ናት፤ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ኮሚቴው ተከራከረ አሉ። አንዱ አባል ማስጠንቀቂያ እንዴት ለልምድ ማስረጃ ይሆናል አለ። ባለሙያዋ መመሪያውን አነበበችላቸው፤ ከድርጅቱ የወጣ፣ ቁጥርና ማኅተም ያለው ማናቸውም ሰነድ ነው የሚለው፣ ለፍሬን የለሽም የሠራው ይኸው አንቀጽ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት፣ ኃላፊነት፣ ከማንም በላይ የሚያውቅ፤ ሁሉም በኃላፊው ፊርማ ሥር ሰፍሯል። ሃያ አራት ነጥብ ሞሉለት። በሃምሳ ዘጠነኛው ቀን የመጋዘን ረዳት ሆነ።

የምደባውን ደብዳቤ ሊፈርም ሲገባ ኃላፊው ቁጣው በርዶ ነበር። ወንበር ሳበለት፤ ብዕርም ሰጠው።

«በዚያች ነገር ቅር እንዳይሉ» አለ። «እኔም በሰዎች ፊት ስለሆነ ነው። ደግሞ ለዘላለም አይደለችም። በመመሪያው የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ስድስት ወር ሲሞላው ከፋይል ተነሥቶ ይቀደዳል። እኔ ራሴ አስነሣልዎታለሁ።»

ጋሽ ፋይል ብዕሩን ወረቀቱ ላይ እንዳደረገ ቀና አለ።

«ባይነሣ ደስ ይለኝ ነበር፣ አለቃ።»

«ለምን?»

«ሌላ ስለ እኔ የተጻፈ የለም» አለና ፈረመ።