ግድግዳ የሆነው መስኮት

ልጅ እያለሁ እማዬ የማታምናቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ ሳቅ የሚያበዛ ሰውና የማይከፈት መስኮት። ጄኔቫ ስንኖር ሁለተኛው እኛው ክፍል ውስጥ ገጠመን።

ቤቱን ድሮ ያሠራው እንግሊዛዊ ነው፤ በአገሩ ወግ። ጠባብና ረጅም፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ የተጣበቀ፣ ኩሽናው ከመንገዱ በታች የወረደ፣ ደጁ በብረት የታጠረ። የጌቶቹ ፎቅ መስኮት ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር መስኮቱም ክፍሉም እያነሰ ይሄዳል። እኛ የተከራየነው ጥንት የገረዶች መኝታ የነበረውን የመጨረሻውን ፎቅ ነው። ደረጃው ሰምና እርጥብ ድንጋይ ይሸታል። ከመንገድ ሲታይ ክፍላችን ሁለት መስኮት አለው፤ ውስጥ ግን አንድ ብቻ። የሌላኛው ደፉም ክፈፉም በውጭ አለ፤ መሀሉ ጡብ ነው። የእኔ አልጋ እሱ ሥር ነበር።

የቤቱ ባለቤት ማዳም፣ ታች የሚኖሩ ቀጭን አሮጊት፣ እንግሊዞች በመስኮት ቁጥር ግብር ይከፍሉ በነበረ ጊዜ መስኮት መድፈን እንደ ለመዱ፣ ይሄኛው ግን የቤቱ ፊት ግራና ቀኙ እንዲመሳሰል ብቻ እንደ ተሠራ ነገሩን። ፈረንሳይኛውን የምተረጉመው እኔ ነኝ። እማዬ ሰምታ ሰምታ፣ «በብርሃን ግብር? ይሄ ለልጅ የሚነገር ነው። የሸሸጉት ነገር አለ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ከጸሎት በኋላ ግድግዳውን ጠበል ትረጨው ጀመር፤ እንዳያልቅባት በቧንቧ ውሃ እያበዛች። በጸደይ ልስኑ አበጠ፣ ላብ የመሰለ ነገርም አወጣ። እማዬ ደስ አላት። «አየሽ፣ እየለቀቀ ነው» ብላ ጨመረችበት።

እርጥበቱ ወደ ታችኛው ፎቅ ሲዘልቅ ማዳም ወደ እኛ ወጡ። ግድግዳውን ዳሰሱ፣ መዳፋቸውን አሸተቱ፣ ዓይናቸው ጥጋጥጉን ፈተሸ፤ ለካ እሳቸውም ተደብቀን ልብስ የምናጥብ መስሏቸዋል። ልብስ ሲያጡ ዝናብ እየገባ ነው አሉ። ግንበኛ ሊያፈርሰው ነውና ክፍሉን ልቀቁ አሉን። የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቷ ላላለቀላት፣ ልጅ ለያዘች ሴት ሌላ የሚያከራይ አልነበረም።

«ጠበል ነው በያቸው» አለችኝ እማዬ።

ጠበል በፈረንሳይኛ ምን እንደሚባል አላውቅም። «እናቴ በየቀኑ ውሃ ትረጨዋለች» አልኩ።

«ለምን?»

«ውስጡ ያለው እንዲወጣ።»

ማዳም ግድግዳውን ትክ ብለው አዩት። «ታዲያ ወጣ?»

እማዬ ክፍሉ ቢቀርባትም ውሸት አይሆንላትም። ጆሮዋን ልስኑ ላይ ለጥፋ ቆየች። «እኔ እንጃ። ዝም ግን ብሏል» አለች። ተረጎምኩ። ማዳም ጫማቸውን አወለቁ፣ አልጋዬ ላይ ወጡ፣ እሳቸውም ጆሯቸውን ለጠፉ።

ስለ መልቀቅ ዳግም አልተነሳም። ልስኑ በበጋ ደረቀ፤ እማዬም ከሩቅ በማማተብ ተወሰነች።

ዛሬ የምኖረው ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን ሰፈር፣ መስኮቱ ሁሉ በሚከፈት የቤት ማኅበር ሕንጻ ነው። ባለፈው ክረምት የመኝታ ቤቴ ጥግ ሻገተ። የማኅበሩ ሰዎች ፎቶ ላኪ አሉኝ፤ ላክሁ። አንድ የማላውቀው ሰው መጥቶ እርጥበቱን በመሣሪያ ለክቶ፣ ቀብቶ ሄደ። ምን እንዳረጠበው አልጠየቀኝም። ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤቴ ስታስል ይሰማኛል። ስንት ዓመት ጎን ለጎን ስንኖር፣ ትጠርጥረኝ አትጠርጥረኝ እንኳ አላውቅም።