«ወራጅ አለ» ሳልል ድሬ ጠያራ ደረስኩ

ዛሬ ሸዋ በር ላይ የድሬ ጠያራ ሚኒባስ ተሳፍሬ የኋላ ወንበር ላይ፣ መስኮቱ ጥግ ተቀመጥኩ።

ጎረቤቴ አልማዝ ደንግጣ «አንቺ፣ በሩ አጠገብ ያለውን ቦታሽን ተነጠቅሽ እንዴ?» አለችኝ። አንጀቴ ከታመመ ወዲህ ሽንት ቤት ፍለጋ በየመንገዱ ስለምወርድ ከበሩ ርቄ አላውቅም ነበር።

«ለቸኮለ ሰው ለቅቄለታለሁ» አልኳት።

የአንጀቴን መቆጣት ያበረደልኝ ባዮሎጂክ የሚሉት መርፌ ነው። ከመጀመሬ በፊት ለቲቢ ሲመረምሩኝ «ሆዴን አመመኝ ብል ሳንባዬን ታያላችሁ?» ብዬ ተነጫንጬ ነበር። ለካ መርፌው የሰውነትን መከላከያ ስለሚያለዝብ የተደበቀ ቲቢ ሊቀሰቅስ ይችላል። አሁንም ካተኮሰኝ ሐኪሜን ሳልጠይቅ አልወጋም።

ይኸው ድሬ ጠያራ እስክንደርስ አንዴም «ወራጅ አለ» አላልኩም።

እናንተስ፣ ሕመም ከነጠቃችሁ ነገር መጀመሪያ ያስመለሳችሁት ምን ነበር? ጻፉልኝ፣ ዛሬ ደስታ አላስቀምጥ ብሎኛል።