አንድ ቁመት ገመድ

ሰው በመከበሩ ይማረራል ቢሉኝ አላምንም ነበር። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ከከሚሴ በስተምሥራቅ፣ የጨፋ ሸለቆ አልቆ ደረቁ መሬት በሚጀምርበት መንደር ስኖር ግን አምስት ዓመት ሙሉ ተከብሬ ተማረርኩ። እኔ የመንዝ ሰው ነኝ። ለአውራ ጎዳናው የድንጋይ ድጋፍ ልክብ መጥቼ፣ ሥራው ሲያልቅ ጓደኞቼ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ እኔ እኩል አራሽ ሆኜ ቀረሁ።

መንደሩ ኦሮምኛና አማርኛ አቀላቅሎ የሚናገር፣ ሃይማኖቱ እስልምና የሆነ፣ ደግ መንደር ነው። እኔን «ኬሱማ» ይሉኛል፤ እንግዳ ማለታቸው ነው። ኬሱማ ከሁሉ በፊት ውሃ ይቀዳል። ኬሱማ ለጅጌ፣ ለደቦ ሥራ፣ አይጠራም። ኬሱማ ቢያጠፋ እንኳ ፈገግ ብለው ያልፉታል። አንድ ጊዜ በሬዬ የጎረቤት ማሽላ ቢበላ፣ የማሽላው ባለቤት ራሱ «በሬህ ጠገበ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደግነታቸው አናቴ ላይ ወጣ። ሚስቴ ደግሞ አርግዛ ነበርና ቁርጡን ነገረችኝ፤ «ልጄ እንግዳ ሆኖ አያድግም። ወይ ከሰው ተቆጠር፣ ወይ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ።»

በዚያ መንደር ከሰው መቆጠር ማለት በኤላው ገመድ ላይ ቁራጭ ማግኘት ነው። ኤላ የሚሉት በእጅ የተቆፈረውን የውሃ ጉድጓድ ነው። ገመዱ አንድ ወጥ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቤት የሰው ቁመት የሚያህል እየገመደ ያመጣና ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል። ቁራጭ ያለው ሰው ደለል ሲጠረግ ይወርዳል፣ ሸንጎ ላይ ይናገራል፣ እንደ ልቡ ይሰደባል። እኔ ውሃው አልቀረብኝም፤ የቀረብኝ ስድቡ ነው።

አንድ በጋ ውሃው ሸሸና ባልዲው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሁሉም «ያ ረቢ!» ሲል፣ አፍሬ ልናገረውና፣ እኔ ደስ አለኝ። ወደ ቤቴ ሮጬ ከመንገድ ሥራ የተረፈኝን ወፍራም የቃጫ ገመድ አመጣሁና ከላይ ቋጠርኩት። ባልዲው ውሃ ነካ። ወዲያው «ይሄ ገመድ ሻካራ ነው፣ መዳፍ ይልጣል» ብለው ያማርሩብኝ ጀመር። ሲያማርሩብኝ ልቤ ሞቀ። ሚስቴም ጓዟን ፈታች።

የኤላው አባት፣ ማለትም ተራ የሚያስጠብቁት ሽማግሌ፣ ግን ነገሩ አሳሰባቸው። «በየዓመቱ ገመድ ስንቀጥል ልንኖር ነው?» አሉ ሸንጎ ላይ። «ዝናቡስ ይዘንባል። ጎርፉ ግን እንደ ደሴ አውቶቡስ ሳይቆም ያልፈናል። ተዳፋቱ ላይ የፈረሰው የድሮ የድንጋይ አጥር ካለበት ቦታ ግን አፈሩ እስከ ጥር አይደርቅም፤ አይቼዋለሁ። ሽቅብ በድንጋይ እንገድበውና ቆሞ ይስረግ።»

ድንጋይ ሲባል ደረቴ ተነፋ። ሦስት ክረምት አገሩን በካብ አጠርኩት። መንደሩ ድንጋይ ሲሸከም እኔ እቆጣለሁ፤ «ይሄ ተገልብጦ ነው! ይሄ ምላስ እንጂ ድንጋይ ነው?» እያልኩ የሰው ሥራ አፍርሼ እንደገና እክባለሁ። ከሁሉ በላይ የተቃወሙን ከታች ማሳ ያላቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ። «የናንተ አፈር በጎርፍ እኔ ማሳ ላይ ሲያርፍ አላህ የሰጠኝ ሲሳይ ነው። ሲሳዬን ልትከለክሉኝ?» አሉ። የመጨረሻው ካብ በእርሳቸው ማሳ ራስጌ እንዲሆን፣ የሚይዘውም ደለል የእርሳቸው እንዲሆን ስንስማማ እሺ ብለው እዚያ ዱባ ተከሉ።

ውሃው ተመለሰ። አልሃምዱሊላህ ተባለ፣ እኔም ተመስገን አልኩ። አንድ ቁመት ሙሉ ከፍ ብሎ ገመዱ ተረፈ። የተረፈው ገመድ መሬት ላይ ተጠቅልሎ ከብት ያደናቅፍ ጀመር፤ አንዲት ጊደር እግሯን አስገብታ ባልዲውን እየጎተተች ወደ ሰንበቴ ከተማ በሚወስደው መንገድ ጠፋች። ስትመለስ ባልዲው እንደ ቆሎ መቁያ ተጠፍጥፏል። ሸንጎ ተቀመጡ። አንድ ቁራጭ ይፈታ ተባለ። የማን? በመጨረሻ የመጣው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄ ነው፤ በገዛ እጄ ድንጋይ ክቤ ከሰው ቁጥር ወጣሁ።

«አንቱ ሽማግሌ አይደሉም!» አልኳቸው የኤላውን አባት። ሌሎቹንም አልማርኳቸውም። «ውሃዬን ጠጥታችሁ ገመዴን ትፈታላችሁ? እንግዲያው ድንጋዬን!» ብዬ እየሮጥኩ ወረድኩና ከመጨረሻው ካብ ሦስት ድንጋይ ነቅዬ ወረወርኩ። ሦስተኛው ትልቁ ዱባ ላይ አረፈ።

አሮጊቷ ጮኹ። መንደሩ ተከትሎኝ ወርዶ ነበርና ሁሉም ከበበን። የኤላው አባት እንደ ልማዳቸው ፈገግ አሉ። «ዲሲ» አሏቸው አሮጊቷን፤ ተይው ማለታቸው ነው። «ኬሱማ ነው።»

«ምን ኬሱማ!» አሉ አሮጊቷ ዱባውን እንደ ሬሳ ታቅፈው። «ስምንት ዓመት እዚህ ተቀምጦ ኬሱማ? እንግዳ እንዲህ ያለ ምላስ ከየት ያመጣል? ይቀጣ!»

«ኧረ ነውር ነው፣ እንግዳ አይቀጣም» አለ አንዱ።

«ቅጡኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ዱባውን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ አውቄ ነው የገደልኩት!» አውቄ አልነበረም። ሚስቴ ሕፃኑን አዝላ ከሰው መካከል ቆማ «ቅጡት!» ስትል ሰማኋት።

ተማከሩ። ሦስቱን ድንጋይ እንድመልስ፣ በላዩም በአሮጊቷ ማሳ ዙሪያ ካብ እንድክብ ተፈረደብኝ። «የተቀጣ ሰው ቅጣቱን ሳይጨርስ ገመዱ አይፈታም» አሉ የኤላው አባት። «መጨረሱን የምትናገረው ባለ ዱባዋ ናት።» ትርፉን ገመድ እስከዚያው እንጨት ላይ ጠቀለሉት። እኔ በደስታ አለቀስኩ፤ ሰዉ ከቅጣቱ የተነሳ መሰለው።

ካቡን በአንድ ወር ጨረስኩ። አሮጊቷ በከዘራቸው አንዱን ድንጋይ ነካ አደረጉና «ይነቃነቃል፤ አላለቀም» አሉ። በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ሲያባራ መጥተው ያንኑ ድንጋይ ነክተው ያንኑ አሉ። በየዓመቱ ደሜ ይፈላል። የአውራ ጎዳና ድጋፍ የካብኩ ሰው፣ ደሴ የሚሄድ ከባድ መኪና ሁሉ በላዩ የሚያልፍበት ካብ የሠራሁ ሰው፣ ድንጋይህ ይነቃነቃል ልባል? አፍርሼ እክባለሁ፣ ይነቃነቃል ይሉኛል፤ ገመዴም ሳይፈታ ይከርማል። ሚስቴ ትስቃለች። ለምን እንደምትስቅ ሳይገባኝ ስድስት ዓመት አለፈ።

በሰባተኛው አሮጊቷ ሞቱ። ዝናቡ ባባራ ሰሞን ካቡ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለ የኤላው አባት በልጅ ልጃቸው ተመርተው ወረዱ፤ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ድንጋዩን በእጃቸው ዳብሰው ፈልገው አገኙት። ከዘራቸውን አንስተው ባላቸው ኃይል መቱት። ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም።

«ይነቃነቃል» አሉና ተመልሰው ሄዱ።