የብራና ክንፍ

አባቴ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰሙ ጉርሻቸውን ወደ ትሪው ይመልሱ ነበር። ዕድሜ ልኬን የማውቀው ይህንኑ ነው። አዘዞ የሚያርፈው የመንገደኞች አውሮፕላን ከቤታችን በላይ ሲያልፍ እጃቸውን ከማዕዱ ያነሣሉ፤ አንገታቸውን ደፍተው ድምፁ እስኪጠፋ ይጠብቃሉ። ከጠፋም በኋላ ይጠብቃሉ። እኛ ጠግበን ስንነሣ በሳቸው በኩል ያለው ወጥ ቀዝቅዞ ይቆያል። ልጅ ሳለሁ ጓደኞቼ ባሉበት ይህን ሲያደርጉ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በኚህ ሰው ግቢ ውስጥ ነው እንግዲህ የጦር አውሮፕላን የሠራሁት።

አባቴን ከፍርሃታቸው ልፈውስ ብዬ ነው ብል ታሪኩ ያምርልኝ ነበር። ግን ውሸት ነው። የሠራሁት ደስ ስላለኝ ነው። እዚሁ ከተማችን አራዳ ውስጥ የውኃ ፓምፕና የወፍጮ ሞተር ስጠግን ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ የማስነሣው ሞተር ሁሉ እዚያው በቆመበት የሚያጓራ ነው። አንድ ቀን በስልኬ ላይ አንድ የውጭ አገር ሽማግሌ ከራሱ ቁመት የሚበልጥ አውሮፕላን ሠርቶ በሪሞት ሲያበር አየሁ። የድሮ የጦር አውሮፕላን ነበር፤ አፍንጫው ላይ አንድ ሽክርክሪት ያለው፣ ሆዱ ሰፋ፣ ጅራቱ ቀጠን ያለ። እንዲያ ያማረ ነገር አይቼ አላውቅም። ምነው የመንገደኛውን ብትሠራ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። የመንገደኛው አያምርማ!

ሥራው ስምንት ወር ፈጀ። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ስድስት ክንድ ነው። አጥንቱን በቀርከሃ ሠራሁ፤ ሆዱን ከጣና ዳር ባስመጣሁት ደንገል ሞላሁ፤ ታንኳ የሚሠራበት ነገር ለአውሮፕላንም አይከብድም ብዬ። ሞተሩ ከተበላሸ የዛፍ መቁረጫ የተነቀለ ነው። ክንፉንና ጅራቱን የሚያንቀሳቅሱትን ትንንሽ ሞተሮች ከነሪሞቱ አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ ላከልኝ። ባለቤቴ ሳሎኑን ለቀቀችልኝ። "አንሣው ብዬ አልጨቀጭቅህም፤ ያሰብኸው ከሞላ ራሱ ይነሣል" አለችኝ።

አባቴ የሚኖሩት በዚያው ግቢ፣ በጎን ባለችው ክፍል ነው። ምን እየሠራህ ነው ሲሉኝ "የፓምፕ ዕቃ ነው" አልኋቸው። ዓይናቸው ከደከመ ስለቆየ አመኑኝ። ያንን ውሸቴን ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

የቸገረኝ የክንፉ ልብስ ነበር። ላስቲኩ ይቀደዳል፤ አቡጀዲው ቀለም ሲጠጣ ይከብዳል። አባቴ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ዳዊትና ገድል ጽፈው ያሳደጉን ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። መጻፍ ካቆሙ አምስት ዓመት ቢሆናቸውም የተፋቀ ስምንት የፍየል ብራና ተጠቅልሎ ግድግዳቸው ላይ ተሰቅሏል። አንድ ጠዋት ቁርስ ሳደርስላቸው ዓይኔ እዚያ ላይ ዐረፈ። ቀላል፣ ጠንካራ፣ ሲወጥሩት የሚወጠር! ቤተ ክርስቲያን እስኪሄዱ ጠብቄ ስምንቱን ብራና ወሰድሁ።

አርጥቤ ወጠርሁት። የላዩንም የታቹንም፣ ሁሉንም ጠጉሩ የነበረበትን ገጽ ወደ ሰማይ አድርጌ ለጠፍሁና ፀሐይ ላይ አወጣሁት። ከሰዓት ስመለስ ክንፉ ወደ ላይ ተጠቅልሎ፣ አንዱ ቀርከሃ ተሰንጥቆ ጠበቀኝ። እኔ ደግሞ ቁጣ አላጣም። ፒንሳውን ከግድግዳው ጋር አላተምሁት፤ ለሰሚ የማይመች ስድብም ተሳደብሁ። በጩኸቱ አባቴ ወጡ።

መቋሚያቸውን ግድግዳ አስደግፈው ክንፉን ዳሰሱት። "ይኸ እኮ እኔ የፋቅሁት ነው" አሉ። ቆዳውን በጣታቸው ዐወቁት። ከዚያ እጃቸው ከክንፉ ወደ ጅራቱ፣ ከጅራቱ ወደ አፍንጫው ሄደ። ሽክርክሪቱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"አውሮፕላን ነው?"

"አዎ፣ አባ።"

"የመንገደኛ?"

መዋሸት ሰለቸኝ። "የጦር ነው" አልሁ።

መቋሚያቸውን አንሥተው ገቡ። ሦስት ቀን ከሰላምታ በቀር ቃል አልወጣቸውም። ባለቤቴ "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ? ይኸው ከደጃቸው አደረስህላቸው" አለችኝ።

በአራተኛው ቀን አስጠሩኝ። በዚህ ዕድሜዬ ሰምቼው የማላውቀውን የነገሩኝ ያን ዕለት ነው። ወጣት ዲያቆን ሳሉ፣ በዚያ በጦርነቱ ዘመን፣ ከታላቅ እኅታቸው ጋር ገበያ ወጥተው ነበር። አውሮፕላን መጣ። ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተኛ። አለፈ፤ ድምፁም ጠፋ። እኅታቸው የተበተነ በርበሬዋን ልትሰበስብ ተነሣች።

"ሲመለስ ነው የወሰዳት" አሉኝ። "ማን እንደያዘው አላውቅም። የማን ነው ብዬም አልጠየቅሁ። እኔ የማውቅ መመለሱን ነው።"

ድምፁ ከጠፋ በኋላ ለምን እንደሚጠብቁ ገባኝ። ስንት ዓመት አብሬያቸው በልቻለሁ! አንድ ቀን እንኳ "አባ፣ ምን እየጠበቁ ነው?" ብዬ አልጠየቅሁም። ማፈሩን ብቻ ዐውቅበት ነበር። በራሴ ተናደድሁ፤ አንጀቴንም በሉት።

"ዛሬውኑ አፈርሰዋለሁ" አልኋቸው።

"ብራናዬንስ?"

"ምን ሆነ?"

"ያበላሸኸውን ብራናዬን ነው የምልህ!" ተቆጡ። "የቁም ጸሐፊ ልጅ ሆነህ ይህን አታውቅም? መጽሐፍ ሲጠረዝ ጠጉር ከጠጉር፣ ሥጋ ከሥጋ ነው ፊት ለፊት የሚገጥም። ብራና ሲደርቅ ወደ ጠጉሩ ይሸሻል። ሁሉንም ወደ አንድ ወገን ካዞርኸው ያው ሁሉም ባንድነት ይሸሻል። ሁለቱን አፋጥጠህ አቁማቸው፤ አንዱ አንዱን ይይዘዋል።"

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ሦስት ቀን ሙሉ ዝም ያሉኝ በአውሮፕላኑ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ግማሹ የብራናው ንዴት ኖሯል።

ፍየሎች ከማክሰኝት ገበያ ገዛሁ፤ አባቴ ቆዳውን ዘፍዝፈው፣ ወጥረው፣ በመዳሰስ ብቻ ፋቁት። ብዕር ሲይዝ የሚንቀጠቀጠው እጃቸው መፋቂያ ሲይዝ ጸጥ ይላል። እኔ እንዳሉኝ የላዩንና የታቹን ጠጉር ከጠጉር አፋጥጬ አለበስሁት። ሲደርቅ ክንፉ እንደ ጣውላ ቀጥ አለ። ለምን እንደሚያግዙኝ ስጠይቃቸው "የተበላሸ ብራና አያስችለኝም" ብቻ አሉኝ። ስለ መብረሩ እሳቸውም አላነሡ፣ እኔም አላነሣሁ።

ከቀበሌ ፈቃድ ለማግኘት ብዙ ተመላለስሁ፤ ወረቀቱ በመጨረሻ ወጣ። ወረቀት ግን የሰው ልብ አያረጋጋም። በዚህ ዘመን በሰማይ ላይ የሚያጓራ ነገር ማን ይወዳል? ልናበር ያሰብነው ከማክሰኝት መንገድ ገባ ብሎ፣ አባቴ ባደጉበት ደብር አጠገብ ጤፉ ታጭዶ በተወቃበት ማሳ ላይ ነበር። እሑድ አባቴ አብሬህ ልሂድና ልሳለም አሉኝ። ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ እሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከማሳው በላይ ድምፅ ትሰማላችሁ" አሉ። "የልጄ መጫወቻ ነው። የሚጥለው ነገር የለውም። ከብቶቻችሁን ራቅ አድርጉ እንጂ ልጆቻችሁን አትደብቁ። ሄዶ ይመለሳል። ሲመለስም አትደንግጡ።"

የማሳው ባለቤት፣ በዕድሜ አባቴን የሚከተሉ ገበሬ፣ "የኔታ፣ እርስዎስ ይመጡ ይሆን?" ብለው ጠየቁ።

"እመጣለሁ" አሉ አባቴ። እኔ ግን ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። እስከዚያ ድረስ የምፈራው አውሮፕላኑ እንዳይከሰከስ ነበር። ከዚያ በኋላ የምፈራው ለአባቴ ሆነ።

ሰኞ ጠዋት ነፋስ አልነበረም። ሰው በማሳው ዳር ቆሟል። ገበሬው ጅራቱን ያዙልኝ። አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጎኔ ቆሙ።

"አባ፣ ይሄዳል፤ ከዚያ ይመለሳል" አልኋቸው። "ነዳጁ ጥቂት ነው፤ ሳይመለስ ማረፍ አይችልም። ሲመለስ እነግርዎታለሁ።"

"የሚይዘው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ሌላ ሰው የለበትም?"

"የለበትም፣ አባ።"

"እንግዲያ በስመ ሥላሴ በል።"

ሞተሩ ተነሣ። ገበሬው ጅራቱን ሲለቁት ማሳውን እየዘለለ ሮጠና መሬቱን ለቀቀ። ፀሐይ ከኋላው ስታርፍበት ብራናው ፈካ፤ ቀርከሃው እንደ ጎድን አጥንት በውስጡ ታየ። ከዳር ያሉት አጨበጨቡ። እኔም ጮኽሁ፤ ምን ብዬ እንደ ጮኽሁ አላስታውስም። አውሮፕላኑ ወደ ኮረብታው አቀና፤ ድምፁ ቀጠነ፣ ቀጠነና ሊጠፋ ደረሰ።

ያኔ ዘወር ብዬ አየኋቸው። አንገታቸውን ደፍተዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ልክ በማዕዱ ላይ እንደሚጠብቁት እየጠበቁ ነበር።

ጣቴ ሪሞቱ ላይ ደረቀ። አውሮፕላኑን ማዞር አቃተኝ። እውነቱን ልናገር፤ ለአንድ አፍታ ኮረብታውን ተሻግሮ እዚያው በቀረ ብዬ ተመኘሁ። የስምንት ወር ልፋቴ ገደል ይግባ! አባቴ ላይ ከማዞረው ይጥፋ!

"ነዳጁ ጥቂት ነው ያልኸኝ አይደለም?" አሉኝ አንገታቸውን ሳያቀኑ።

"አዎ።"

"መልሰዋ!"

መለስሁት። ድምፁ እየወፈረ መጣ። "አባ፣ ይኸው እየተመለሰ ነው" አልሁ። የአባቴ እጅ ትከሻዬን ያዘ፤ ጥፍራቸው ከለበስሁት ኮት አልፎ ይሰማኝ ነበር። ከዳር ከቆሙት አንዳንዶቹ ጎንበስ አሉ። አባቴ ግን ቀና አሉ። በደከመ ዓይናቸው ወደ ድምፁ አፈጠጡ። አውሮፕላኑ ከራሳችን በላይ አልፎ ዝቅ፣ ዝቅ አለ፤ መሬቱን ነካ፣ ነጠረ፣ እንደገና ነካ፤ አንድ እግሩ ተሰበረና በክንፉ ተጋድሞ ቆመ። ሞተሩም ጠፋ።

"ዐረፈ?" አሉ።

"ዐረፈ፣ አባ።"

"ሰውስ?"

"ማንም አልተነካም። ሁሉም ቆመዋል።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"እፎይ!" አሉና ገለባው ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ዘፍ አልሁ። ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሣልኝ መሰለኝ፤ ሰው እያየኝ አለቀስሁ፤ አላፈርሁም። ገበሬው የተሰበረውን እግር በእጃቸው ይዘው መጡና "ሸጋ ነገር ነው፤ ብቻ ምነው እግሩን ሰበርኸው?" አሉኝ። አባቴ ሳቁ። ጥርሳቸውን ካየሁ ቆይቼ ነበር።

እግሩን ጠገንሁት። ክንፉን ግን አልነካሁትም፤ አሁንም ቀጥ እንዳለ ነው።

ትናንት ምሳ ቀርቦ የአዘዞው አውሮፕላን ከቤታችን በላይ አለፈ። እኔ ጉርሻዬን ወደ ትሪው መልሼ አባቴን አየኋቸው። ድምፁ ቀጠነ፣ ጠፋ። ከጠፋም በኋላ ጠበቅሁ።

"ምነው አትበላም እንዴ?" አሉኝ እያላመጡ። "ሽሮው እኮ ቀዘቀዘ።"