ይቆረጥልኝ ያልኩት አድራሻ

ቀራንዮ ሰፈር በተከራየሁት ቤት የራሴን ኢንተርኔት አስገብቼ ሳለሁ፣ አንድ የማላውቀው የኢንተርኔት አድራሻ የይለፍ ቃሌን እየሞከረ ኮምፒውተሬ ውስጥ ለመግባት ሲታገል ሰነበተ። ደሜ ፈላ። የአድራሻውን ቁጥር ይዤ የኢንተርኔት መስመር ወደሚያቀርበው ድርጅት ሄድኩ።

ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯ ላይ አየችና፣ "ይኼ እኮ እዚያው ቀራንዮ ያለ ደንበኛችን ነው" አለችኝ።

"ጭራሽ የሰፈሬ ሰው! አሁኑኑ ቁረጡልኝ!"

"ሳያውቅ ከመስመሩ ጋር ያገናኘው አንድ ዕቃ ላይ ቫይረስ ገብቶበት ይሆናል፤ መጀመሪያ እናጣራ።"

"የምን ማጣራት? ወንበዴ ነው! ካልተቆረጠ ከዚህ አልነቃነቅም!"

ሰው ሁሉ እያየኝ ጮኼ አስቆረጥኩት።

ቤት ስደርስ አከራዬ እትዬ አስካለ በር ላይ ጠበቁኝ።

"ልጄ፣ እንኳን መጣህ! ኢንተርኔቴ ድንገት ተቋረጠ። ሌባ ይጠብቅልናል ብዬ ያስገጠምኩት ካሜራም አብሮ ጠፋ፤ እስቲ እየው።"